«ሁለት ናቸው» ሲሉ የኖሩት ዶኛ ኦቲሊያ ፌሊስ

ዶኛ ኦቲሊያ ፌሊስ ኩዌባስ ከአባታቸው ከዶን ራሞን ፌሊስና ከእናታቸው ከዶኛ አና ዴሊያ ኩዌባስ፣ በባራኦና ክፍለ ሀገር ከፖሎ ከተማ በላይ በሚገኘው የቤተሰባችን እርሻ ላይ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 1941 ተወለዱ። ዕለቱ ዓይናቸውን የታመሙ ሰዎች የሚማጸኗት የቅድስት ኦቲሊያ ቀን ስለነበረ ስሙን የመረጠላቸው የግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ነው። ከአራት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበሩ። ይህን የምጽፈው እኔ ኤውሴቢዮ የመጨረሻው ነኝ፤ መሃል ያሉት ሁለቱ ከእሳቸው ቀድመው አርፈዋል።

ልጃቸው ኔሪስ ይህን እንድጽፍ ስታዘኝ «አጎቴ፣ አደራ፣ በዚህ ወረቀት ላይ ጸብ እንዳይገባ። የተወለደችበትን፣ የተማረችበትን፣ የሠራችበትን ይጻፉ፣ ይበቃል» ብላኛለች። ሞክሬአለሁ። ነገር ግን የእህቴን ሕይወት ያለ ንዴት መጻፍ የሚችል ሰው ካለ፣ ያ ሰው እኔ አይደለሁም። እሳቸው ራሳቸውም ቢሆኑ አይችሉም ነበር።

ዶኛ ኦቲሊያ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተባለውን ሁሉ ሳያዩ የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። በተራራችን ላይ በዛፍ ጫፍ የሚኖረውን ትልቁን አረንጓዴ እንሽላሊት ሰው ሁሉ «ማጅራት ዘላይ» ይለዋል። ዘሎ ማጅራት ላይ ይጣበቃል፣ አንዴ ከነከሰም አይለቅም እየተባለ ይፈራል። እናታችንም በእሱ የተነሳ ልጆች ከማንጎው ሥር እንዲቀመጡ አይፈቅዱም ነበር። ከእናታችን እንደሰማሁት፣ እህቴ በዘጠኝ ዓመታቸው አንዱን ያዙና ጣታቸውን አስነከሱት። እናታችን ጩኸት ሰምተው ሮጠው ሲደርሱ የሚጮኹት ሌሎቹ ልጆች ናቸው። ኦቲሊያ ጣታቸውን ዘርግተው ቁጥር ይቆጥራሉ።

«እማዬ፣ አርባ ሦስት ስል ለቀቀኝ» አሉ። «አይለቅም ያልሽኝ ውሸት ነው።»

ለዚህች ግኝታቸው በቀበቶ ተገረፉ። ከዚያ በኋላ ላገኙት ነገር ሁሉ የተቀበሉት ምስጋና ከዚህ ብዙም የተሻለ አልነበረም።

እስከ ስድስተኛ ክፍል በፖሎ ተማሩ። በ1955 ወደ ባራኦና ወርደው በመነኮሳት ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1961 በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ። በ1962 በዋና ከተማው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ባዮሎጂ ማጥናት ጀመሩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳሉ፣ በኤፕሪል 1965 ከተማው ውስጥ ጦርነት ተነሳ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። አባታችን ሽንኩርት በሚጭን መኪና ሄደው ከነመጽሐፋቸው አመጧቸው። ትምህርቱ እንደገና ሲከፈት አባታችን ታመው አልጋ ላይ ነበሩ፤ ማሳውን የሚይዝ ሰው ጠፍቶ እህቴ ቀሩ። የአንድ ዓመት ትምህርት ብቻ ነበር የቀራቸው። በኋላ በሄዱበት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቁት ያችን ያላገኟትን ዲግሪ ነበር።

አባታችን ሲያገግሙ፣ በ1967፣ በዋና ከተማው የእንስሳት ናሙና በሚቀመጥበት አንድ የመንግሥት ተቋም በስብስብ ረዳትነት ተቀጠሩ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሠሩ። ሲገቡ ረዳት ነበሩ፤ ሲወጡም ረዳት ነበሩ። የተመደቡት እንሽላሊቶች ላይ ነው፤ በተለይም አኖሊስ የሚባሉት፣ እናንተ በየአጥራችሁ ላይ ጉሮሯቸውን እንደ ማራገቢያ ሲዘረጉ የምታዩዋቸው። ብዙዎቻችን እንሽላሊት ካልን በኋላ ሌላ የምንለው የለንም። እህቴ ግን በዚህች ደሴት ላይ ብቻ ከአርባ በላይ ዓይነት እንዳለ፣ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ፣ የትኛው የዛፍ ጫፍ፣ የትኛው ግንድ፣ የትኛው ጭራሮ፣ የትኛው ሣር እንደሚመርጥ እንደ ጎረቤቶቻቸው ያውቁ ነበር።

በ1968 ከባራኦና ወደ ዋና ከተማው የሚመላለስ አውቶብስ ከሚነዱት ከአቶ ሊሳንድሮ ኖባስ ጋር ተጋቡ። ኔሪስን በ1969፣ አማውሪን በ1972 ወለዱ። ሊሳንድሮ ስለ እንሽላሊት የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ሚስታቸውን ግን አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡ ነበር። አንድ እሑድ ምሳ ላይ እህቴ በዚያ ዘመን የሚያበሳጫቸውን ነገር ሲያስረዱን አስታውሳለሁ። ኩባ ውስጥ ጭራሮ ላይ የሚኖር ቀጭን፣ እግረ አጭር እንሽላሊት አለ። እኛም ዘንድ ጭራሮ ላይ የሚኖር ቀጭን፣ እግረ አጭር አለ። ሰዎች መልካቸውን አይተው ወንድማማች ናቸው ብለው አንድ ላይ ይመድቧቸዋል። እህቴ ግን አይደሉም ባይ ነበሩ። የእኛው ባለጭራሮ የሚዛመደው ከእኛው ደሴት እንሽላሊቶች ጋር ነው፤ የኩባውም ከኩባዎቹ ጋር። በየደሴቱ አኗኗሩ ለየብቻ ቀርጿቸው፣ በብዙ ሚሊዮን ዓመት እየተለወጡ መጥተው አንድ መሰሉ እንጂ አንድ አባት አልወለዳቸውም።

«ምኑ ነው ይሄ የከበደው?» አሉ ሊሳንድሮ ሙዙን እየቆረሱ። «የአውቶብስ ሹፌር ሁሉ ሆዱ ይገፋል፣ አንገቱ ያጥራል። በአሱዋ መስመር የሚነዳውን ሹፌር ከእኔ ለይ ብትባል አትለይም። ታዲያ እናታችን አንድ ናት? ወንበሩ ነው እንጂ!»

እህቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ሊሳንድሮ፣ ይሄንን ሦስት ሰዓት የፈጀ ስብሰባ ላይ ማንም እንዲህ አላስረዳኝም» አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጎብኝዎች ሲያስረዱ በሹፌሮች ነበር የሚያስረዱት። ዳይሬክተሩ ይህ ለሳይንስ አይመጥንም ብለው በደብዳቤ ገሠጿቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በ1973 ለዕረፍት ወደ እርሻችን መጥተው ሳለ ግንድ ላይ የሚኖረውን ትንሹን ቡናማ እንሽላሊት ሲያዩ አንድ ነገር ቆረቆራቸው። እርሻችን ጉብታው ላይ ስለሆነ አንዱ ወገን ወደ ካብራል ከተማ ያያል፣ ሌላው ወደ ባሕር። የካብራሉን ፊትና የባሕሩን ፊት ለአሥራ ሁለት ቀን በእግራቸው አዳረሱ። ወንዱ እንሽላሊት ራሱን በመስታወት ሲያይ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ጉሮሮውን ይዘረጋል፤ ስለዚህ የመላጫ መስታወቴን ወስደው እኔን መስታወት ያዥ አደረጉኝ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ሥራዬን ትቼ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር እንበረከካለሁ።

«ኤውሴቢዮ፣ መስታወቱን አታንቀጥቅጥ።»

«ትንኝ እየነከሰኝ እኮ ነው!»

«ይንከስህ። አንተን የሚበላህ ትንኝ ነገም አለ፤ ይሄ ግን አሁን ሄደ ማለት ነው።»

ያገኙት ይህ ነው። በካብራሉ ፊት ያሉት ሲዘረጉት ጉሮሯቸው ቅቤ የመሰለ ቢጫ ነው። ራሳቸውን ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ነቅንቀው ያቆማሉ። በባሕሩ ፊት ያሉት ጉሮሯቸው እንደ ሸክላ ቀይ ነው፤ አነቃነቃቸው ዝግ ያለ፣ አምስት ጊዜ ነው። መሃል ላይ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ጉብታ፣ ቢጫና ቀይ የተቀላቀለበት አንድም አላገኙም። ሴቷ የምትመጣው የራሷን ምልክት ለሚያሳያት ብቻ ነው። «ሁለት ናቸው» አሉ። «ጎን ለጎን እየኖሩ አይጋቡም። ሁለት ዝርያ ናቸው።» የእያንዳንዱን ጉሮሮ በሕይወት እያለ በውሃ ቀለም ሣሉት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ እንሽላሊቱ አልኮል ውስጥ ከገባ ቀለሙ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ጠርሙሱ ውስጥ ሁለቱም አመድ የመሰሉ ናቸው።

በ1976 ፕሮፌሰር ግሬንዳል የሚባሉ የታወቁ የውጭ አገር ሊቅ ስለ ደሴቱ እንሽላሊቶች መጽሐፍ ሊያዘጋጁ መጡ። ክፍሉ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ እህቴ ሁለቱን ጠርሙስና ሥዕሎቻቸውን አቀረቡላቸው። ሊቁ ሥዕሎቹን ወደ ጎን ገፍተው ጠርሙሶቹን ከፈቱና በማጉያ መነጽር የጀርባ ቅርፊት ቆጠሩ።

«ወይዘሮ፣ ቁጥሩ አንድ ነው። ቀለም ያታልላል፤ ቅርፊት አይዋሽም» አሏቸው።

«ፕሮፌሰር፣ እንሽላሊቷ እኮ ባል የምትመርጠው ቅርፊት ቆጥራ አይደለም» አሉ እህቴ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፕሮፌሰሩም ሳቁ፤ እንዲያውም ተነስተው እጃቸውን ጨበጧቸው። እህቴ ያመኑኝ መስሏቸው በደስታ ወደ ቤት ገቡ። ተራራው ከዋና ከተማው ሁለት ሰዓት መንገድ ቢሆን ኖሮ ፕሮፌሰሩ ሄደው ያዩ ነበር ይሆናል፤ ስድስት ሰዓት ስለሆነ አልሄዱም። ከሦስት ዓመት በኋላ መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ «አንድ ዝርያ፤ የአካባቢው ሠራተኞች በቀለም ልዩነት ተሳስተዋል» ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያ ዓረፍተ ነገር አርባ ዓመት ቆየ።

በዚያ ላይ የስሙ ጣጣ መጣ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ በውጭ ያሉ ሊቃውንት አኖሊስ የሚባለው ወገን በጣም ሰፍቷል፣ ይከፋፈል ብለው ተከራከሩ። ሌሎቹ ደግሞ አይከፈልም አሉ። ክርክሩ ሳያልቅ የእኛው ዳይሬክተር ሁሉም መለያ ወረቀት በአዲሱ ስም ይጻፍ ብለው አዘዙ። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ነበር። እህቴ በቀለም ብዕር፣ በእጃቸው፣ በአሥራ አራት ወር ጨረሱት። የመጨረሻውን ጠርሙስ ክዳን በገጠሙ በሁለተኛው ወር አዲስ ዳይሬክተር ተሾሙና ወደ ድሮው ስም ይመለስ አሉ። እንደገና ጻፉ። በዚያ ሰሞን ቤታቸው ስሄድ ቀኝ እጃቸው አብጦ በሙቅ ውሃ ይዘፈዝፉት ነበር። «ስሙን መቀየሩ አይደለም የሚያናድደኝ» አሉኝ። «እውቀት ሲያድግ ስም ይቀየራል። የሚያናድደኝ፣ ያዘዘው ሰውዬ አንድም ጠርሙስ ከፍቶ አለማየቱ ነው።»

አዲስ መለያ ሲያስገቡ ግን አሮጌውን አያወጡም ነበር። አንዱ ጠርሙስ ውስጥ አራት ወረቀት ተደራርቦ ይታያል። አዲሱ ዳይሬክተር «ዶኛ ኦቲሊያ፣ አሮጌውን ለምን አይጥሉትም? የተዝረከረከ ይመስላል» ቢሏቸው «ጌታዬ፣ አሮጌው ላይ የት ዛፍ ላይ እንደተያዘ ተጽፏል። እሱን ከጣልኩት እንሽላሊቱ ከየትም ያልመጣ ይሆናል» ብለው እምቢ አሉ። በዚህ ምክንያት የሥራ ዕድገታቸው ሁለት ጊዜ ታለፈ።

በ1992 የራሳቸውን ጽሑፍ አዘጋጁ፤ ሃያ ሁለት ገጽ፣ ከሥዕሎቹ ጋር። ወደ አንድ የሳይንስ መጽሔት ላኩት። መልሱ ሦስት መስመር ነበር። ጸሐፊዋ ዲግሪ የላቸውም፤ ሥዕል ማስረጃ አይሆንም፤ ጉዳዩ በፕሮፌሰር ግሬንዳል መጽሐፍ ተዘግቷል። ሊሳንድሮ ደብዳቤውን ሊቀዳድዱት ሲሉ እህቴ ቀምተው በፋይል አስቀመጡት። እስከ ዛሬ አለ።

ባላቸው ሊሳንድሮ በ2004 በድንገተኛ የልብ ሕመም አረፉ። እህቴ በ2006 ጡረታ ወጡ። በስንብታቸው ቀን «ለእንሽላሊቶች ላሳዩት ትጋት» የሚል ጽሑፍ ያለበት የእንጨት ሰሌዳ ተሰጣቸው። ሰሌዳው ላይ የተቀረጸው ግን ኢጉዋና የሚባለው፣ ከአኖሊስ ፈጽሞ ሌላ የሆነ ግዙፍ እንስሳ ነው። ማንም አላስተዋለም። እሳቸው አመስግነው ተቀበሉና ወደ ፖሎ ሲመለሱ በአውቶብሱ ወንበር ሥር ትተውት ወረዱ።

አሁን ስለ ራሴ ልጽፍ ነው፤ ኔሪስ ይህን እንድዘለው ለምናኛለች። አልዘለውም።

በ2010 በባሕሩ ፊት ያለውን የእርሻችንን ክፍል አቮካዶ ለሚተክል ሰው ለአሥር ዓመት አከራየሁት። ቡናው በበሽታ አልቆ ነበር። እህቴን አልጠየቅኳቸውም፤ እምቢ እንደሚሉ አውቅ ነበርና። በሕማማት ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ የጾሙን ጣፋጭ ባቄላ በድስት ይዘውልኝ ወጡ። ወደ ባሕሩ ፊት ሲመለከቱ ግንዶቹ ተቆርጠው ተጋድመዋል፤ መጋዙ ገና ይሠራል። ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጡት። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኹም።

«ስንት ዛፍ ቀረ?» አሉኝ።

«ሦስት። ለሠራተኞቹ ጥላ እንዲሆን።»

«ሦስት።»

«ኦቲሊያ፣ ምን ላድርግ? ቡናው ሞቷል፣ እኔም አርጅቻለሁ። እንሽላሊት እኮ ነው፤ ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል።»

«ወዴት ይሄዳል? ወደ ካብራሉ ፊት?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ኤውሴቢዮ፣ አንተ እኮ መስታወቱን ይዘህ ነበር። ግሬንዳል አላየም፤ ዳይሬክተሮቹ አላዩም፤ እሺ ይሁን። አንተ ግን አይተሃል።»

ከሦስቱ ዛፎች ሥር ሄደው እስከ ማታ ተቀመጡ። ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ቆጥረው ወረዱ። ለሁለት ዓመት ከአራት ወር ለእኔ አንድ ቃል አልተናገሩም። በቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ሲሰጣጡ እጃቸውን ይዘረጉልኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ግን አይሰጡኝም። የታረቅነው በ2012 የአውሎ ነፋሱ ጊዜ ጣሪያቸው ተነቅሎ እኔ ቤት ሲያድሩ ነው። ያኔም ቢሆን «ይቅር ብዬሃለሁ» አላሉኝም። «ይሄ ሾርባ ጨው የለውም» ነበር ያሉኝ።

በ2014 ዶክተር ዛይዳ ሞንቴሮ የተባለች የኔይባ ከተማ ልጅ፣ ውጭ ተምራ የተመለሰች፣ ወደ ፖሎ መጣች። በስብስቡ ክፍል ጠርሙሶቹን ስትፈትሽ ከአሮጌዎቹ ወረቀቶች ላይ «የካብራል ፊት» እና «የባሕር ፊት» የሚለውን የእህቴን እጅ ጽሑፍ አይታ፣ ይህን ለይቶ የጻፈው ማነው ብላ አፈላልጋ ነው የመጣችው። በእንሽላሊቶቹ ደም ውስጥ ያለውን ዘር ለማመሳከር ከጅራታቸው ጫፍ ትንሽ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። እህቴ በሰባ ሁለት ዓመታቸው በትር ይዘው አብረዋት ወጡ። ሦስቱ ዛፎች ቆመው ነበር። እኔ ከኋላ ውሃ ይዤ ተከተልኩ።

ውጤቱ ሦስት ዓመት ፈጀ። ዛይዳ ስልክ ስትደውል እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። «ዶኛ ኦቲሊያ፣ ሁለት ናቸው! ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ተለያይተው ኖረዋል። እንዲያውም እኅትማማች አይደሉም፤ የካብራሉ የሚቀርበው በማዕከላዊው ተራራ ካለው ጋር ነው።» እህቴ ስልኩን ዘግተው ወደ ጓሮ ሄዱ። ልብሱን ከገመድ ላይ አወረዱ፤ ገና እርጥብ ነበር። መልሰው ሰቀሉት።

በ2019 የዝርያው አዲስ ስም ታወጀ። የባሕሩ ፊት እንሽላሊት የተሰየመው ተራራችንን ረግጠው በማያውቁ፣ ለምርምሩ ድጋፍ ባደረጉ አንድ የውጭ ባለጸጋ ስም ነው። የእህቴ ስም በመጨረሻው ገጽ፣ ምስጋና በሚለው ሥር፣ ከሹፌሩና ከምግብ አብሳይዋ ጋር አለ። «ኦፌሊያ ፌሊስ» ተብሎ ተጽፏል። ዛይዳ ወረቀቱን ይዛ መጥታ በረንዳው ላይ አለቀሰች።

«እኔ የእርስዎን ስም ነበር ያቀረብኩት፤ የበላዮቼ ቀየሩት። መፈረም አልነበረብኝም።»

«ጉሮሮውን ምን ቀለም ብለው ጻፉት?» አሏት።

«ሸክላ ቀይ።»

«አነቃነቁን?»

«ዝግ ያለ፣ አምስት ጊዜ።»

«በቃ፤ ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ» አሏት።

በከተማው ይህ ነገር ሲወራ እህቴ በትዕግሥትና በፈገግታ እንደተቀበሉት ተደርጎ ነው። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ድስት ሁሉ አውርደው ለሁለት ሰዓት በአሸዋ ፈተጉ። ከፕሮፌሰር ግሬንዳል ጀምረው እስከ መጨረሻው ዳይሬክተር ድረስ ሁሉንም በየስማቸው ረገሙ። አንዳንዱን እርግማን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እህቴ ቅድስት አልነበሩም፤ ቅድስት እያላችሁ እንዳትቀብሩብኝ። ትክክል የነበሩ ሴት ናቸው፤ ለአርባ ስድስት ዓመት ትክክል ሆነው ማንም አልሰማቸውም፤ ይህም አቃጥሏቸዋል።

የኪራዩ ውል በ2020 ሲያበቃ አላደስኩትም። አቮካዶው ደርቋል፤ ከጉቶዎቹ አንዳንዱ አቆጥቁጧል። እህቴ ያን ጊዜ መውጣት አይችሉም ነበር። በየሳምንቱ «ሄደህ አየህ?» ይሉኛል፤ እኔም ጉልበቴን እያሳበብኩ ሳምንት ለሳምንት አሳለፍኩት። ፈርቼ ነው። ሄጄ ባላገኝስ?

በጃንዋሪ 2023 የኩላሊት ሕመማቸው በርትቶ ባራኦና ሆስፒታል ገቡ። ኔሪስና አማውሪ እየተፈራረቁ አስታመሟቸው። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ ያንኑ ጠየቁኝ። የሚሞት ሰው ፊት ተቀምጬ ደስ ላሰኛቸው አሰብኩና «ሰባት ቆጠርኩ» አልኳቸው።

«ወንዱ ስንት ነው?»

«አራት።»

ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። «ጉልበትህ ታሞ እንዴት ወጣህ?»

ብርጭቆውን አንስቼ ውሃ ልቀዳላቸው ጀመርኩ።

«ኤውሴቢዮ፣ ያላዩትን የሚጽፉ ሰዎች ዕድሜዬን በሉት» አሉኝ። «አንተም ከእነሱ ጋር ልትገባብኝ ነው? ውጣና ቁጠር። ያገኘኸውን ጻፍ። ዜሮም ከሆነ ዜሮ ብለህ ጻፍ፤ እሱም ቁጥር ነው።»

ከዚያ በኋላ ለእኔ ብዙ አልተናገሩም። ሐሙስ፣ ማርች 9 ቀን 2023፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ኔሪስ እጃቸውን እንደያዘች አረፉ።

ዶኛ ኦቲሊያ ልጆቻቸውን ኔሪስና አማውሪ ኖባስ ፌሊስን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ አንድ የልጅ ልጅ ልጅን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ በዋና ከተማው በመደርደሪያ ላይ በእጃቸው የተጻፉ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ጠርሙሶችን፣ እንዲሁም አልጋቸው ሥር በሻንጣ የተቀመጡ አርባ አንድ የጉሮሮ ሥዕሎችን ትተው ሄደዋል። ሥዕሎቹን ለተቋሙ ስጡ የምትሉን አላችሁ። ቤተሰቡ አስቦበት ለዛይዳ ሰጥቷቸዋል።

በቀብራቸው ላይ ለተገኛችሁ፣ ሻይና ዳቦ ላበረከቱት ጎረቤቶች፣ ለሆስፒታሉ ነርሶች ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። የዘጠኙ ቀን ጸሎት በእኔ ቤት ይሆናል። ጸሎቱ ባለቀ ማግስት ጠዋት በባሕሩ ፊት በኩል ልቆጥር እወጣለሁ። ዛይዳ መስታወቱን ትይዛለች፤ ጉልበቴን የሚደግፍ አንድ ሰው ያስፈልገኛል። እስከዚያ ድረስ ማንም መጥቶ ስንት ናቸው ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልሰው አላውቅም ብዬ ነው።

እያንዳንዱን ፍጥረት ለየብቻ የፈጠረ፣ አንዱን ከሌላው የማያምታታ እግዚአብሔር የእህታችንን የኦቲሊያን ነፍስ በቀኙ ያሳርፍ፤ ለእኛም የምናየውን እንዳየነው የምንናገርበት ልብ ይስጠን። አሜን።